ሸዋረገድ ዘነፋስ ስልክ በክንፋሙ ልዑል እንደ ምን እንዳዘነች

ንጽሐፍ እንከ ዜናሃ ለሸዋረገድ።

በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ስኳር በኩፖን በነገሠበት፣ ሳሙና በተሰደደበት፣ የነፋስ ስልክ ቧንቧም ሲሻው እየመጣ ሲሻው በሚኮበልልበት ወራት፣ ብርቱይቱና ደም ግቡዋ፣ የክር ፋብሪካ አንበሲት፣ ማጠንጠኛ መኪና የማይረታት፣ በአውቶቡስ ግፊያ ክርኗ የሚፈራ፣ የአቶ ሞልቱ የበኩር ልጅ ሸዋረገድ አንድ የፍቅር መጽሐፍ አንብባ እንደ ምን እንደ ተቃጠለች፣ መቃጠሏም ለሰፈሩ ሁሉ እንደ ምን መድኃኒት እንደ ሆነ፣ ያየነውን አይተን፣ ያላየነውን ከደጅ ሰምተን እንጽፋለን። ይህን ዜና «ተራ ነገር ነው» የሚል ቢገኝ፣ እርሱ መጽሐፍ ጨርሶ የማያውቅ ሰው ነውና አምላክ ይቅር ይበለው።

በዚያ ወራት በነፋስ ስልክ ላይ «የሰባተኛው ደመና ልዑል» የተባለ መጽሐፍ ነግሦ ነበር። ከወዴት እንደ መጣ የሚያውቅ የለም፤ ቅጂውም አንድ ብቻ ነበረ። ነገሩም እንዲህ ነው፦ ክንፈ ነበልባል የሚባል ክንፋም ልዑል ከደመና ወርዶ እንኮይ የምትባል የወፍጮ ቤት ልጅ ይወድዳል፤ ነገር ግን አንዲት ቃል ከአፉ የወጣች ዕለት ክንፎቹ ይረግፋሉ የሚል እርግማን አለበትና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ዝም እንዳለ ነው። ዝም ብሎ ይመጣል፣ ዝም ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል፣ ዝም ብሎ አድማሱን ያያል፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። እንኮይም ዱቄት እንደ ለበሰች ቁማ ትቀራለች። አንባቢው ሁሉ የሚጠብቀው አንዲት ነገር ነበረች፤ ይህ ልዑል ክንፉን ንቆ አፉን የከፈተ ዕለት ለእንኮይ ምን ይላት ይሆን?

ለዚህም መጽሐፍ ሥርዓት ተሠርቶለት ነበር። አንድ መጽሐፍ ለሰፈር ስለማይበቃ ከስፌቱ ላይ በምላጭ ለሁለት ተከፍሎ፣ ፊተኛው ክፍል በአንዱ ቤት፣ ኋለኛው ክፍል በሌላው ቤት ይዞር ነበር። ደግሞም ክንፍ ያለው ልዑል «ከሠርቶ አደሩ ትግል ጋር ምን ዝምድና አለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ ስለሌለው፣ ቀበሌው ያደለው «የኅብረት ሱቆች አደረጃጀት» የሚል ጥራዝ ሽፋኑ ተገፎ ለሁለቱም ክፍል እንደ ካባ ተደርቦላቸው ነበር። ከሁሉ የጸናው ሕግ ግን ይህ ነው፦ መጽሐፉን የጨረሰ ሰው መጨረሻውን ለማንም አይናገርም፤ ሲያስረክብ ዓይኑን ወደ ሰማይ አንሥቶ «ግሩም ነው!» ብቻ ብሎ ይሄዳል።

ያነበቡትም እነዚህ ናቸው፦ ከድጃ ዘመቀስ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የሸዋረገድ የልብ ጓደኛ፤ ኑሪ ዘሚዛን፣ ባለሱቁ፤ ዘነቡ ዘመርፌ፣ የጤና ጣቢያዋ፣ ሕፃናት ጥላዋን አይተው የሚያለቅሱላት፤ ሐሚዳ ዘሽሮ፣ ቅመም ነጋዴዋ፤ ሌሎችም ስማቸው እንዳይጻፍ ጸሐፊውን የለመኑ የሥራ ኃላፊዎች። ሁሉም «ግሩም ነው!» ብለዋል።

ወእምዝ፣ ስለ አባይነህ ዘጎማ እንናገር። ይህ አባይነህ በዋናው መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ነው፤ እጁ ጥቁር፣ ጥርሱ ነጭ፣ አፉ የማያርፍ። የጎማውን ከመነዳሪ፣ ማለትም የውስጡን ላስቲክ፣ ነፍቶ በርሜል ውኃ ውስጥ ሲነክር፣ ቀዳዳው አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ባለመኪናውን በወሬ ያሥቀዋል፤ አንዳንዱም ሰው ጎማው ደህና ሆኖ ሳለ ለወሬው ሲል ይቆማል ይባላል። ሸዋረገድ ከፋብሪካ ስትመለስ ከአውቶቡስ ፌርማታ ጀምሮ እስከ ደጃፏ ድረስ በማዶ በኩል እየተከተለ የዕለቱን ጉድ ሁሉ ይነግራት ነበር፤ እርሷም ፊቷን አጥቁራ በልቧ ትሥቅ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ላከ። አቶ ሞልቱም፣ ልጅን ቶሎ መስጠት ልጅን ማርከስ ነውና፣ «ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ ተመለሱ» ብለው ሸኙ። ሸዋረገድ በዚያን ቀን ብትጠየቅ ኖሮ «እሺ» ልትል ነበር። አልተጠየቀችም፤ በዚህ መካከል መጽሐፉ ደረሳት።

ፊተኛውን ክፍል ባነበበች ጊዜ ልቧ ከነፋስ ስልክ ተነሥቶ ሰባተኛው ደመና ላይ ተቀመጠ። አባይነህ በማዶ በኩል እያወራ ሲከተላት፣ «የአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ፍየሉን ጋቢና አስቀምጦ ረዳቱን ከኋላ ጫነው» ብሎ ሲነግራት፣ ድሮ የሚያሥቃት ነገር ዛሬ ጆሮዋን በላት። ለከድጃም እንዲህ ስትል አወጀችላት፦ «ይኼ ሰውዬ ሬዲዮ ነው እንዴ? አንድ ቀን እንኳ ዝም ብሎ ቢያየኝ ምን አለበት!»

ከድጃም ክፋት አልነበረባትም፤ ነገርን ማገጣጠም ሙያዋ ስለ ሆነ ብቻ፣ ሸዋረገድ የጨረሰችውን ፊተኛውን ክፍል በጨርቅ ጠቅልላ ለአባይነህ ወሰደችለት፤ «ሴት ምን እንደምትወድ ማወቅ ከፈለግክ ይኸው፣ አንብብና ተማር» ብላም አዘዘችው። አባይነህ በዕድሜው ከጎማ ቁጥር በቀር እምብዛም አንብቦ አያውቅም ነበር፤ ነገር ግን ፍቅር ያስነብባል፤ አነበበ። ኋለኛው ክፍል በሸዋረገድ እጅ ስለ ነበረ ልዑሉ ምን እንደ ሆነ አላወቀም። ያወቀው ልዑሉ ዝም እንደሚልና ዝም ስላለም እንደሚወደድ ብቻ ነው።

በማግሥቱ አባይነህ ዝም አለ።

ኦ አንባቢ፣ ይህ ዝምታ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በአሮጌ ጎማዎች ክምር ላይ ወጥቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የፉሪን ተራራ ማየት ጀመረ። ባለመኪናዎች መጥተው «ጎማዬስ?» ሲሉት ተራራውን ያያል፤ ሲቆጡ ተራራውን ያያል፤ ሲሳደቡም እንዲሁ። ደንበኞቹ ወደ ጎፋ ጎሚስታ ፈለሱ። ሸዋረገድ ከአውቶቡስ ስትወርድ በማዶ በኩል ብቅ ይላል፣ ቆም ብሎ አሻግሮ ያያታል፣ ከዚያ ዘወር ብሎ ይሄዳል፤ «እንደምን ዋልሽ» እንኳ የለም። እናቱ ወይዘሮ አማከለች፣ መበለቲቱና አንደበተ ርቱዕዋ፣ ከግቢያቸው ደጃፍ ቆመው ለሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ልጄን ምን አስነክታችሁብኝ ነው? ትናንት ደህና የነበረ ልጅ! ዛሬ እራት ላይ ጨው አቀብለኝ ብለው ግድግዳውን አየልኝ! የሠራችሁበት ካላችሁ ፍቱልኝ፣ አለዚያ ጸበል ወስጄው ስማችሁን አስለፈልፈዋለሁ!»

ሸዋረገድ በመጀመሪያ ደስ አላት፤ «ለካ እሱም እንዲህ ማየት ይችላል» አለች በልቧ። ቆይታ ግን የሆነ ነገር ጎደለባት። ከፌርማታ እስከ ቤቷ ያለው መንገድ ረዘመ፤ ጉድጓዱና ጭቃው፣ ድሮ በወሬ መካከል ያላየችው ሁሉ፣ አንድ በአንድ ታያት። ቀጥሎም ፍርሃት ገባባት፤ ይህ ሰው ሐሳቡን ለውጦ ቢሆንስ? ሰፈሩም የፈራችውን ከአፏ ነጥቆ ያወራው ጀመር። አቶ ሞልቱ በበኩላቸው ኩታቸውን አጣፍተው በቤታቸው መካከል ቆመው አወጁ፦ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እንኳን ጋብቻ! ሽማግሌ ልኮ አፉን የዘጋ ሰው ልቡንም ዘግቷል። ቅዳሜ ሲመጡ ልጄ አልደረሰችም ብዬ እሸኛለሁ።» ሸዋረገድ ይህን ከጓዳ ሆና ሰማች። አባይነህን ትጠይቀው ዘንድ ኩራቷ አልፈቀደላትም፤ የቀራት ተስፋ መጽሐፉ ብቻ ነበር። ልዑሉ አፉን ሲከፍት ዝምተኛ ሰው በሆዱ ምን እንደሚያስብ ይገለጥልኛል ብላ አምና፣ በምሳ ሰዓት በክር ጥቅል ላይ ተቀምጣ፣ በአውቶቡስ በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ፣ በሌላው «የኅብረት ሱቆች አደረጃጀት»ን ገልጣ ወደ መጨረሻው ገሠገሠች።

ወእምዝ፣ ከሥራ ስትመለስ፣ አውቶቡሱ እንደ ከረጢት ተጠቅጥቆ፣ አንዱ ተሳፋሪ ዶሮ ይዞ፣ ሌላው እግሯን ረግጦ ሳለ፣ መጨረሻዋ ገጽ ላይ ደረሰች። ሠርግ ነው። ደመናው ተከፍቷል። እንኮይ ዱቄቷን አራግፋ ነጭ ለብሳለች። ክንፈ ነበልባል ክንፎቹን ዘረጋ፣ እጇን ያዘ፣ ዓይኗን አየ፣ ትንፋሹን ሳበ፣ አፉን ከፈተ። እንዲህም አላት፦ «ቆይ፣ እናቴን ልጠይቅ።»

ብሎም በረረ። ክንፉም አልረገፈም። ከታች «ተፈጸመ» የሚል ተጽፏል።

ሸዋረገድ ገጹን ገለበጠች፤ ባዶ ነው። መልሳ ገለበጠች፤ «ተፈጸመ» እንዳለ ነው። ምናልባት የተጣበቀ ገጽ ቢኖር ብላ በጥፍሯ ፈለገች፤ የለም። ያን ጊዜ ከአንጀቷ እንባ መጣ፤ የኀዘን አይደለም፣ የንዴት ነው። ለዚህ ሰውዬ ብላ ነው አባይነህን ሬዲዮ ያለችው! ፌርማታዋን አልፋ ሄደች፤ ባለ ዶሮውም ሰውዬ አዝኖ ቦታ ለቀቀላት።

በዚያው አውቶቡስ ከበስተኋላ ጓድ ውብነሽ ነበረች፤ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ባለ መነጽሯና ባለ ማኅተሟ፣ ዓይኗ ከሩቅ የሚያይ። ሸዋረገድ «የኅብረት ሱቆች አደረጃጀት» ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አየች። የቀበሌው የበላይ የሆነው ከፍተኛ ደግሞ በዚያው ሰሞን «ጥራዙን ማን አነበበ? ምንስ ተማረ? ሪፖርት ላኩ» ብሎ ስለ ነበር፣ በቀበሌውም ጥራዙን ያነበበ አንድ ነፍስ ስላልተገኘ፣ ጓድ ውብነሽ ይህች ልጅ ተነሥታ ሁለት ቃል ተናግራ ብትቀመጥ ሪፖርቱ ይሞላል ብላ አሰበች። እንዲህ የሚል ጥሪም በድምፅ ማጉያ ወጣ፦ «የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠቅላላ ስብሰባ አለ! የቀረ ኩፖኑ ይያዛል! ጓዲት ሸዋረገድ ሞልቱ ስለ ኅብረት ሱቆች ያነበበችውን ለሕዝብ ታስረዳለች!»

እሑድ ደረሰ። በዶሮና በቅቤ የከበደ ሕዝብ ኩፖኑን ፈርቶ ወደ አዳራሹ ገባ። ከድጃ ዘመቀስ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደ ሻጠች፣ ኑሪ ዘሚዛን፣ ዘነቡ ዘመርፌ፣ ሐሚዳ ዘሽሮ ተራ በተራ ተቀመጡ፤ አቶ ሞልቱ ከፊት፣ ወይዘሮ አማከለች ከመካከል፣ አባይነህም በመስኮቱ በኩል፣ ሰማይ ሰማይ እያየ። ግራ እጅ ተነሣ፣ መፈክር ተባለ፣ ግራ እጅ ወረደ። ሸዋረገድ መጽሐፉን በደረቷ ታቅፋ ወደ መድረኩ ወጣች። ዋሽታ መውረድ ትችል ነበር፤ «ኅብረት ሱቅ ጥሩ ነው» ቢሉ የሚከራከር የለም። ነገር ግን አባይነህን በመስኮቱ በኩል አየችው፤ ቅዳሜንም አሰበች፤ ከዚህ ወዲያ ዝም ብትል ይህ ሰው ከእጇ እንደሚወጣ አወቀች። ጉሮሮዋን ጠርጋም እንዲህ ስትል አወጀች፦

«ጓዶች፣ እኔ ግለ ሂስ ነው ማደርገው። ይኼ ስለ ሱቅ አይደለም። ክንፍ ስላለው ሰውዬ ነው። ማሽን ላይ ሆኜ ጠበቅኩት፣ አውቶቡስ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት፣ ጾሙን ሙሉ ጠበቅኩት! ከዚያ መጨረሻ ላይ አፉን ሲከፍት...»

ተራቸው ገና ያልደረሰ ሰዎች እንደ አንድ ሰው ተነሥተው «ኧረ በሕግ! እንዳትናገሪ!» ብለው ጮኹ። ይህን የሚጽፍ ጸሐፊም ከእነርሱ አንዱ ነበር፤ ጆሮውን ለመድፈን ግን ዘገየ።

«እናቴን ልጠይቅ አለ! ክንፉም አልረገፈም!»

ያን ጊዜ ዘነቡ ዘመርፌ ከኋላ ወንበር ብድግ ብላ፣ «እኔም ተቃጥያለሁ! በንዴት አንዱን ሰውዬ ሁለቴ ወግቼዋለሁ፣ ይቅር ይበለኝ!» አለች። ኑሪም ተነሥቶ፣ «ወላሂ እኔ ልዑሉን ሳስብ ስኳር ቀንሼ መዝኛለሁ፤ አሁን ግን አላስብም» ሲል አወጀ፤ ሰፈሩም ይህን በጥንቃቄ ሰማ። ከድጃ ግን እንባ አውጥታ፣ «ሸዌ፣ ግሩም ነው ያልኩሽ ብቻዬን ከምቃጠል ብዬ ነው! እኔንም ሐሚዳ ናት ግሩም ነው ያለችኝ!» አለች፤ ሐሚዳም «እኔንስ ማን አለኝና!» ብላ ኑሪን በጣቷ አሳየች። እንዲህም ሆኖ በነፋስ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ተቃጥሎ፣ አንዱም ለሌላው ሳይራራ እንደ ኖረ በዚያች ቀን ተገለጠ።

በዚህ ጊዜ ጓድ ውብነሽ ጠረጴዛውን መታች። ሕዝቡም ኩፖኑን አሰበ። እርሷ ግን መነጽሯን አውልቃ፣ «ጓዶች ጸጥታ! ሽፋኑን የለበጥኩት እኔ ነኝ። ሂሴን እውጣለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ የሰውዬው እናት የት ገጽ ላይ ነው ያለችው? እኔ እንደገና ፈልጌ አጥቻታለሁ!» አለች። ሕዝቡም አጨበጨበ፤ በዚያ አዳራሽ ከልብ የተጨበጨበው ያን ቀን ነው ይላሉ።

ሸዋረገድ ግን ከመድረኩ አልወረደችም። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ እንዲህም ስትል ጨመረች፦ «ሂሴ አላለቀም። ለዚህ ዝምተኛ ብዬ የሚያወራውን ሰው ሬዲዮ አልኩት። አሁን እሱም ዝም አለ። ከፌርማታ እስከ ቤት ያለው መንገድ ሞተብኝ። የፍየሉንም ወሬ መጨረሻ ሳልሰማ ቀረሁ። ጥፋቴ ነው።»

አባይነህ ከመስኮቱ ዘወር አለ። ኋለኛውን ክፍል አላነበበምና የልዑሉን መጨረሻ ገና ያን ደቂቃ መስማቱ ነበር፤ ፊቱ እንደ ተታለለ ሰው ሆነ። ሲናገር ድምፁ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ነበር፦ «እናቱን ሊጠይቅ ነው? ለዚህ ነው እኔ ጎማ ላይ ወጥቼ ፀሐይ የመታኝ? ዝም አይነቅዝም ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ነቅዣለሁ! ምን ያላየሁት ጉድ አለ፣ ለማን ላውራው! ስንት ነገር ሆዴ ውስጥ አድሯል! ሸዋዬ፣ እኔ እናቴን ገና ከጥምቀት በፊት ጠይቄ ጨርሻለሁ!»

ወይዘሮ አማከለችም ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና ለሕዝቡ ሁሉ መሰከሩ፦ «ጠይቆኛል! እንዲያውም አሰልችቶኛል! ተው ዝም በል ብለው እምቢ ያለኝ ልጅ ነው!»

አቶ ሞልቱ በሰው ፊት ሐሳብ መለወጥ የማይወዱ ስለ ሆኑ አስቀድመው ኩታቸውን አጣፉ፤ ከዚያም «ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይምጡ» ብለው ተቀመጡ። ሸዋረገድም የመጨረሻውን አዋጅ አወጀች፦ «አንተ ከሽማግሌ ጋር መግባትህ ወግ አይደለም። ግን ደጅ ቁምና አውራ። ከጓዳ ሆኜ ልስማህ።»

ወእምዝ፣ ስለ መጽሐፉ ምን ይደረግ ተብሎ ምክር ተደረገ። አንዱ ይቃጠል አለ፤ ሌላው ለሽሮ መጠቅለያ ለሐሚዳ ይሰጥ አለ። የጎፋ ልጆች በዚያው ሰሞን በኳስ አሸንፈውን፣ ሲመለሱም በበራችን ላይ ጨፍረው ስለ ነበር፣ በሙሉ ድምፅ እንዲህ ተወሰነ፦ ሁለቱ ክፍል በከድጃ መርፌ ተሰፍቶ አንድ ይሁን፤ አዲስ ሽፋን ይልበስ፤ ለጎፋ ሰዎች ከወዳጅ ሰላምታ ጋር ይላክ፤ የሚወስደውም ሰው ዓይኑን ወደ ሰማይ አንሥቶ «ግሩም ነው!» ይበላቸው። ለከፍተኛው የተላከው ሪፖርትም «ጥራዙ ሕዝቡን በእጅጉ አነቃንቋል» ይላል፤ ይህም ሐሰት አይደለም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ገቡ። አባይነህ በአጥሩ ማዶ ቆሞ ሆዱ ውስጥ ያደረውን ሁሉ ያወርድ ጀመር፤ ፍየሉ ጋቢናው ውስጥ የሾፌሩን መንጃ ፈቃድ እንደ በላ፣ ትራፊኩ ሲያስቆማቸው ሾፌሩ ፍየሉን አውጥቶ እንዳሳየ፣ ረዳቱም ከኋላ ሆኖ እንደ ሣቀ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው መደማመጥ አቃታቸው፤ አንደኛው የጥሎሹን ነገር ትቶ ጆሮውን ወደ አጥሩ አዘነበለ። አቶ ሞልቱ «ያን ልጅ ዝም አሰኙልኝ» ሊሉ ሲሉ ከጓዳ ሣቅ ሰሙ፤ ልጃቸው ድምፅ አውጥታ ስትሥቅ ከሰሙ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበርና አፋቸውን መልሰው ያዙ። «እሺ፣ ሰጥተናል» አሉ።

ክረምቱ ሳይገባም ከጎፋ በሚመጡ አውቶቡሶች ላይ ያለ ምክንያት የሚያለቅሱ ሰዎች በዙ። እኛ አላወቅንም፣ አልሰማንም።

ክብር ይደልዋ ለሸዋረገድ ዘነፋስ ስልክ፣ የአቶ ሞልቱ ልጅ፣ በሰው ሁሉ ፊት «አልወደድኩትም» ማለትን የደፈረች፣ ክንፍ ያለውን ንቃ ጥቁር እጅ ያለውን የመረጠች፣ ሰፈሯን ከምስጢር ቃጠሎ ያዳነች፣ ጎፋን የተበቀለች! ስሟ ከፌርማታ እስከ ደጃፏ፣ ከጎማው ክምር እስከ ፉሪ ተራራ ይጠራ። አባይነህም ይኸው እስከ ዛሬ ያወራል፤ እርሷም ፊቷን አጥቁራ ትሰማዋለች።